ቀልዱ ለአምስት ሰው ነበር

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ይህን ዓምድ በቤታችን የምታነበው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ቡናዬን እየጠጣሁ እሰማታለሁ። አሁን ግን እሷ ስለማታናግረኝ ራሴ መነጽሬን አድርጌ ጻፍኩ።

የ64 ዓመት ሰው ነኝ። የድሮው ባቡር እስኪቆም ድረስ አዳማ ጣቢያ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠርቻለሁ። ልጆቼ «ወግ አጥባቂ» ይሉኛል፤ አልቃወምም። አዲስ ነገር ሲመጣ ቀድሜ የምጠይቀው «የድሮው ምን በደለን?» ብዬ ነው። ለባቡሩም እንዲሁ ጠይቄ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለተሠራ ይኸው ባጃጅ ተኮናትረን ወደ ባቡር የምንሄድ ሰዎች ሆነናል።

አምስት የድሮ ባልደረቦች ቴሌግራም ላይ ቡድን አለን። ጠዋት ጠዋት የዓለም ዜና እሰማና ጨው ነስንሼበት እልክላቸዋለሁ። ለናሙና ያህል፦ የአሜሪካው ትራምፕ በ2017 እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር ሥልጣን ያዘና በዚያው ዕለት፣ ባሕር ላይ ለሚተከል የነፋስ ኃይል ማመንጫ አዲስ ቦታ እንዳይሰጥ አዘዘ። እኔም «ሰውየው ነፋስን እንዲህ ከጠላ፣ አዳማ ቢጋበዝ በየት በኩል ይገባል?» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቀን ደግሞ የአሜሪካ ሴኔት በ2014 «ሰዓትን በዓመት ሁለቴ ወደፊትና ወደኋላ ማድረግ ይቅር» ብሎ ያለ ተቃውሞ እንዳሳለፈ፣ ሌላኛው ምክር ቤት ግን እንደተኛበት ሰማሁና «ፀሐይዋም ውሳኔውን እየጠበቀች ነው» አልኩ። ልጓም ያለው ቀልድ ነው፤ ማንንም ጎድቶ አያውቅም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን በማለዳ፣ መነጽሬን ሳላደርግ ይህን ላክሁ፦

«አሜሪካ ፔንግዊን እንጂ ሰው በማይኖርባቸው ደሴቶች ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጥላ ነበር። ፔንግዊኖቹ እስካሁን ይግባኝ አላሉም። ለንደን ደግሞ ላሪ የሚባል ድመት በ2003 አይጥ ሊይዝ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ገብቶ ስድስት ጠቅላይ ሚኒስትር አየ፤ እሱ ግን ከሶፋው ንቅንቅ አላለም። የእኛም ዕድር ሊቀመንበር ይኸው 19 ዓመቱ። ልዩነታቸው፣ ላሪ እጅ ላይ የዕድር ገንዘብ የለም።»

ለአምስቱ የላክሁ መስሎኝ ነበር። የገባው ግን 138 አባላት ያሉበት የዕድራችን ቡድን ውስጥ ነው። ሳጠፋው ሩብ ሰዓት አልፎታል፤ ስክሪንሾቱም ሰፈሩን ዞሮ እኔው ዘንድ ተመልሷል።

ሊቀመንበሩ አንድ ቃል አልመለሰም። በማግስቱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በልጅ ልጁ እጅ ለኮሚቴው ላከና «አሞኛል» አለ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እንዳላየ ያልፈኛል። የሰፈር ወጣቶች «ጋሽ ላሪ» እያሉ ያጨበጭቡልኛል። ባለቤቴ «ያቺን የድሮ ኖኪያህን አውጣና አርፈህ ተቀመጥ» ካለችኝ ወዲህ ዝም ብላለች። ሰው ሁሉ የተቆጣው «ሰውን ከድመት ጋር አመሳሰልክ» ብሎ ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በ2009 ታናሽ ወንድሜ ሲያርፍ በዚያ ዝናብ ሌሊቱን ድንኳን ያስተከለው እሱ ነው። ቢሆንም 19 ዓመት ትንሽ አይደለም።

ጠቅላላ ስብሰባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ይቅርታ ልበል? ለአንድ ቀልድ ይቅርታ ካልኩ ነገ በትልልቆቹ ላይ ለመናገር ምን አፍ ይኖረኛል? እነሱስ መቼ ይቅርታ ብለው ያውቃሉ? ወይስ ባለቤቴ እንዳለችው ጨርሶ ልተወው?

ግምጃ ቤቱ፣ ከአዳማ

መልሱ

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ትራምፕ አዳማ በየት በኩል ይገባል የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ አላስቀጥል አለኝ። ከአዲስ አበባ ስንመጣ ኮረብታው ላይ ተሰልፈው የሚቀበሉን የነፋስ ማመንጫዎች ትዝ አሉኝ፤ መጀመሪያ የተተከሉት 34፣ ቀጥለው የመጡት 102። ሰውየው ዓይኑን በጨርቅ ካልሸፈኑት በቀር ያን መንገድ አያልፈውም። እንዲህ ያለ አፍ በኖኪያ ይዘጋ ብዬ እኔ አልፈርድም። ባለቤትዎን ቅር እንዳይላቸው፤ ወደ እሳቸው እመለሳለሁ።

በሹም መቀለድ እኛ አገር ዛሬ አልተጀመረም። የድሮ ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። አዝማሪውም በጌታው አዳራሽ ቆሞ ጌታውን ሸንቆጥ ሲያደርግ ኖሯል። ብቻ አዝማሪው እርስዎ ያን ጠዋት ያጡት አንድ ነገር ነበረው፤ ፊት ያያል። የጌታው ግንባር ሲቋጠር ሁለተኛዋን ስንኝ ያለሰልሳታል፣ ጌታው ሲስቅ ደግሞ ይጨምርባታል። እርስዎ መነጽር እንኳ አላደረጉም። ለነገሩ ዕድሩ በጥሩንባ እንደሆነ ቢቀር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር፤ ጥሩንባ ነፊ የቱንም ያህል ቢቀማምስ የዚህን ሰፈር ነገር ሌላ ሰፈር ሄዶ አይለፍፍም። «የድሮው ምን በደለን?» ለሚለው ጥያቄዎ እዚህ ላይ መልስ አጥቻለሁ።

ብቻዎን አለመሆንዎን ደግሞ ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ ዜናው እርስዎን አያመልጥም። በመጋቢት 2017 የአሜሪካ ባለሥልጣናት የመን ውስጥ ሁቲ የሚባሉትን ታጣቂዎች ስለመደብደብ፣ ሲግናል በሚባለው የስልክ መልእክት መላኪያ ቡድን ከፍተው ሲመካከሩ፣ አንድ የመጽሔት ዋና አዘጋጅ በስህተት ገብቶ ሁሉን ሲያነብ ነበር። ቡድኑን የከፈተው የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ማይክ ዋልትዝ ነበር፤ በቴሌቪዥን ቀርቦ ኃላፊነቱን ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ ከቦታው ተነሣ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአገሩ አምባሳደር እንዲሆን ታጨ፣ ሆነም። ዕድር ግን ሰው የሚልክበት አምባሳደርነት የለውም። ያስቀየመም የተቀየመም እዚያው ሰፈር፣ እዚያው ድንኳን፣ እዚያው አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጠው።

አሁን ወደ ቁስሉ ልምጣ። ሰው ሁሉ በድመቱ ተቆጣ ብለዋል። እኔ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ድመቱ አልመሰለኝም። 19 ዓመት ዕድር የመራ ሰው ከድመት የከፋ ስም ሳይወጣለት አልቀረም፤ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎታል። ያቆሰለችው ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት። እርስዎ ሲጽፏት ማሳረጊያ ነበረች፤ ቀልደኛ ሁሉ ሲጨርስ አንድ ነገር ጣል ሳያደርግ አይነሣም፣ እኔም ይህ አመል አለብኝ። 138 ሰው ሲያነባት ግን ክስ ሆነች። በድመት የተሰደበ ሰው ወይ ይሳደባል ወይ ይስቃል። ቁልፍ የሚመልሰው ሌባ የተባለ ሰው ነው።

እርስዎ ግምጃ ቤት የኖሩ ሰው ስለሆኑ ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። አንድ ቀን አለቃዎ በሠራተኛ ሁሉ ፊት «እሱ እጅ ላይ ዕቃ አይበረክትም» ብሎ ቢቀልድብዎ፣ ያን ማታ እንቅልፍ ይወስድዎት ነበር? ሞዴሉን፣ ቆጠራውን፣ ፊርማውን ሁሉ በሐሳብዎ ሲያገላብጡ የሚያድሩ ይመስለኛል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር፤ መልሱን ለራስዎ ይያዙት። በገንዘቡ ላይ የምር ጥርጣሬ አለዎት? ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ስብሰባው ላይ ይነሡና የዕድሩ ሒሳብ ይመርመር ይበሉ፤ ስለ መዝገቡ እንጂ ስለ ሰውየው አይናገሩ፤ ላሪንም ለንደን ይተዉት። ከደብዳቤዎ ግን የገባኝ ጥርጣሬ እንደሌለዎት ነው። ቢኖርዎት ለእኔ ይጽፉልኝ ነበር። የጻፉልኝ ስለዚያ ሌሊት ድንኳን ነው፤ ያውም ሳይጠየቁ፣ በ«ቢሆንም» አድበስብሰው።

ይህችን «ቢሆንም» ትንሽ ላቆያት። ወግ አጥባቂ ነኝ ብለዋል። እስቲ ወደኋላ ይመልከቱልኝ፤ ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ራሱን አፍርሶ ሌላ ስም ያዘ፣ ከተማችን ናዝሬት ተብላ ቆይታ አዳማ ወደሚለው ስሟ ተመለሰች፣ ባቡሩም ቆመ። ድስቱ፣ አግዳሚው፣ ድንኳኑና የስም መዝገቡ ግን ተቆጥረው አሉ። በዚህ 19 ዓመት ቆጥሮ ያቆያቸው ማን ነው? እንግሊዝ አገር ሊዝ ትረስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ሳለ አንድ ጋዜጣ «ማን ቀድሞ ይጠወልጋል?» ብሎ አንድ ራስ ሰላጣ ካሜራ ፊት አስቀመጠ፤ በ2015 መጀመሪያ ሴትየዋ ለቀቀች፣ ሰላጣው አሸነፈ። እርስዎ ያንን ሳይቀልዱበት አላለፉም ብዬ እወራረዳለሁ። እዚያ ሰው ወንበር ላይ አልረጋ ብሎ ስቀናል፤ እዚህ የረጋ ሲገኝ በመርጋቱ ሳቅንበት። ወግ አጥባቂ ወግ አጥባቂን ሲመታ እንዳየሁ ነው የቆጠርኩት፤ ይቅር ይበሉኝና ከፔንግዊኖቹ ይልቅ ያሳቀኝ ይህ ነው።

«19 ዓመት ትንሽ አይደለም» ያሉትን ግን አልጥለውም። አንድ ሰው ሲቆይ የዕቃው ሁሉ ቦታ በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ይሆናል፤ ያ ሰው አንድ ቀን ሲታመም ኮሚቴው ድስት ሲፈልግ ይመሻል። ወጣቱም «የሽማግሌዎች ነው» ብሎ ይርቃል። አሜሪካኖች ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አራት ጊዜ ከመረጡ በኋላ ነው፣ በ1943 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ «ከሁለት ጊዜ በላይ መመረጥ አይቻልም» ብለው ያስገቡት። ልብ ይበሉ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ካረፈ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚነጋገሩት ስለ ወንበሩ ነበር። የእርስዎም ጥያቄ ስለ ወንበሩ ቢሆን ኖሮ በደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር ብሎ ያልቅ ነበር።

እንግዲህ ይቅርታ ይበሉ ነው የምለው፤ ለቀልዱ ሳይሆን ለዚያች ስለ ገንዘብ ለተጻፈችው ቃል። ስለ ፔንግዊኖቹ ለማንም ይቅርታ አያስፈልግዎትም፤ ስለ ወንበሩ ዘመንም ሐሳብዎን አይለውጡ። ነገ በትልልቆቹ ላይ ለመናገር ምን አፍ ይኖረኛል ብለዋል። እኔ ብሆን የምሰጋው በተቃራኒው ነው፤ «ያ ሰውዬ የማያውቀውን ይጽፋል» የተባለ ቀን ትራምፕም ላይ ቢቀልዱ አምስቱም አይስቁልዎትም።

አካሄዱን በተመለከተ፣ ከስብሰባው በፊት ቤቱ ይሂዱ። ከአምስቱ ባልደረቦችዎ ለሊቀመንበሩ የሚቀርበው አንዱ ካለ እሱን ይዘው ይሂዱ፣ ከሌለም ብቻዎን። ሽማግሌ አይሰብስቡ። ጋቢ የለበሱ ሦስት ሰዎች ደጅ ላይ ሲቆሙ ነገሩ ፍርድ ቤት ይመስላል፤ ሰውየውም ይቅር ማለት ቢፈልግ እንኳ በቀላሉ መተው ያሳፍረዋል። ገብተው ሲቀመጡ «ቀልድ እኮ ነው» አይበሉ። «ቅር ብሎህ ከሆነ» አይበሉ፤ ይህ የባለሥልጣን ይቅርታ ነው፣ እርስዎ ራስዎ ስንቴ ጨው ነስንሰውበት ይሆናል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ይህችን ብቻ እላለሁ፦ «ስለ ገንዘብ የጻፍኩት እውነት አይደለም። አንተን እንደዚያ አላውቅህም። የወንድሜን ድንኳንም አልረሳሁም።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ዝም ማለት ተራራ መውጣት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይሞክሩት። ቡና ከመጣ ይጠጡ። ፊቱን ካዞረብዎ ደኅና ይሁኑ ብለው ይውጡና ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው ይሂዱ።

ያችኑ ስለ ገንዘቡ ያሏትን ደግሞ በዕድሩ ቡድን ውስጥ ይጻፉ፤ የተባለው በ138 ሰው ፊት ስለሆነ በሁለት ሰው መካከል ብቻ አይነጻም። አንድ መስመር ትበቃለች፣ ሳቅ የሌለባት። ከሥር ለሚመጣው አስተያየት ሁሉ መልስ አይስጡ።

ስለ ቁልፉ አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። ንዴት ሊሆን ይችላል። ግን 19 ዓመት በሌሊት እየተቀሰቀሰ ድንኳን ያስተከለ ሰው ደክሞትም ሊሆን ይችላል፤ ሰበብ ሲጠብቅ ቆይቶ መጥፎውን ሰበብ እርስዎ አምጥተውለት ይሆናል። ስለዚህ «ቁልፉን መልሰህ ውሰድ» ብለው አይለምኑት። «ደክሞህ ነው?» ብለው ይጠይቁት። አዎ ካለ፣ ስብሰባው ላይ የእርስዎ ሥራ ሰውየው ርክክቡን ቆጥሮ፣ ተመስግኖ፣ ጋቢ ለብሶ እንዲወርድ ሐሳብ ማቅረብ ነው፤ ርክክብ እንዴት እንደሚደረግ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። እቀጥላለሁ ካለም የወንበሩ ዘመን ጥያቄ በዚህ ስብሰባ ከእርስዎ አፍ ባይወጣ እመርጣለሁ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጊዜውና አፉ ግን አሁን አይገጥሙም።

ወጣቶቹን በሚመለከት፣ «ጋሽ ላሪ» ሲሉዎ ደስ እንዳለዎት ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁ፤ አይካዱኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያጨበጭቡ «ቁልፉን ማን ይረከባል? ከእናንተ ሌሊት የሚነሣ ማን ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። አንዱ እጁን ካወጣ ስሙን ይያዙት።

ወደ ባለቤትዎ ልመለስ። የተናገሩት ስለ ስልክ ነው፤ ዝም ያሉት ግን ስለ ስልክ አይመስለኝም። እርስዎ ነገሩ ሲከብድዎ ስልኩን ይዘጋሉ፣ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። እሳቸው ግን ነገ አንድ ቤት ኀዘን ሲደርስ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ሊልጡ ይቀመጣሉ። እዚያ ምን እንደሚባል፣ ማን ምን ብሎ ዝም እንዳለ ጠይቀዋቸዋል? የሊቀመንበሩ ባለቤት ካሉ፣ እሳቸው የሰሙት ቃል ምን ነበር? እኔ ዛሬ ማታ የምጀምረው ከዚያ ነው፤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ከመሄድዎም በፊት። ምናልባት አብረን እንሂድ ይሉ ይሆናል።

ጠዋት ጠዋት መጻፉን ይቀጥሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል (ስለ ራስዎ ምንም አላልኩም)፤ ስለዚህ ለአፍዎ መቆያ ይሥሩለት። የዕድሩን ቡድን ከዓይንዎ ያርቁት፤ ቴሌግራም «አርካይቭ» የሚለው ቦታ አለው፣ ከሚያጨበጭቡት ልጆች አንዱ በአንድ ደቂቃ ያስገባልዎታል። የአምስታችሁን ቡድን ከላይ ይስቀሉትና የድሮውን ባቡር ፎቶ ያድርጉበት፤ ያለ መነጽርም ይለያል። ማታ ጽፈው ጠዋት ይላኩ። ከመላክዎ በፊት ደግሞ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ መልሰው ያንብቧት፤ የእርስዎ ችግር የሚመጣው ከጅራቷ ነው።

ስብሰባው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ብለዋል፤ ደብዳቤዎ እጄ እስኪገባ አምስቱ ቀን አልፏል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ቢሄዱ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ይጻፉልኝ፤ ባለቤትዎ ቢጽፉ ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ለትራምፕ መንገድ አጥተንለት ስንከራከር አብራኝ የምትሠራ ልጅ «በአሰላ በኩል ይምጣ» ብላለች።